የቁም ሳጥኑ ሙቀት

«ኧረ ሙቀቱ በዛ!» የሚለው የእናቱ ድምፅ ከጓዳ ሲሰማ፣ ጎልማሳው ልጅ በርግጎ ተነሳና ወደ ቁም ሳጥኑ ሮጠ። ስለ ቲማቲሞቹ ያሉ መስሎታል። ሰው ኮት የሚሰቅልበትን ቁም ሳጥን እሱ በኤልኢዲ መብራት የቲማቲም እርሻ አድርጎታል። ቴርሞሜትሩን አየ፤ ሃያ አራት። የመብራቱን ጀርባ ዳሰሰ፤ ለብ ብሏል እንጂ አልጋለም። ችግኞቹን እንደ አራስ ልጅ ቅጠል በቅጠል አገላብጦ አያቸውና በመርጫው ውሃ ረጨላቸው።

«እማዬ፣ አታስቢ፣ ደህና ናቸው!» አለ ፊቱ በርቶ። ሙቀቱን የምትስበው ማራገቢያ ከሳጥኑ ጀርባ ታጉረመርማለች። ሳሎኑ እንዳይሞቅበት ብሎ ግድግዳውን በስቶ፣ ትኩሱን አየር በቱቦ እናቱ ወደተኙበት ጓዳ አሻግሮታል። የቱቦው አፍ የሚያበቃው ትራሳቸው አናት ላይ ነው። እሳቸው ደግሞ ወገባቸው ከተሰበረ ወዲህ ያለ ሰው እርዳታ ከአልጋ አይወርዱም።

መርጫውን እንደያዘ በራቸው ላይ ቆመ። የትራሱ ጨርቅ በላብ ርሷል።

«ብርድ ብርድ ይለኛል ስትዪ አልነበር እንዴ?» አላቸው ቅር ብሎት።

እናቱ የደረቀ ከንፈራቸውን ላሱና መርጫውን አዩት።

«ነበር፣ ልጄ። ከነሱ የተረፈ ውሃ ካለ እኔንም ረጨት አድርገኝ።»