የተዘለሉት ዓመታት

ቀብር የምትመላለሱ ሁሉ፣ የሟች የሕይወት ታሪክ ሲነበብ ዓመቶቹን ቆጥራችሁ ታውቃላችሁ?

እሱ ይቆጥራል። የሟቾችን ታሪክ ጽፎ በየመቃብሩ ማንበብ ከጀመረ ሃያ ዓመቱ ነው። በቀይ ሽብር ያስገደሉ ሰዎች ሳይቀሩ በእሱ አንደበት «ደግ፣ ሰው አክባሪ» ተብለው ተቀብረዋል። ቤተሰብ 1969ን እና 1970ን ዝለል ሲለው ይዘልላል። የዘለላቸው ዓመታት ግን ተከትለውት ቤት ይገባሉ፤ ምሳ ሲቀርብ አብረውት ይቀመጣሉ።

ዛሬ ወረቀቱን የሰጡት የሟቹ ታላቅ ወንድም ናቸው።

«ጋሼ፣ እዚህም ሁለት ዓመት ጎድሏል» አላቸው።

«ለሌላው ስትዘል አልከበደህም። ዛሬ ነው ጻድቅ መሆን ያማረህ?»

ድምፅ ማጉያውን ይዞ ትውልዱን፣ ትምህርቱን፣ ጋብቻውን አነበበ። 1968 ላይ ሲደርስ ወረቀቱን አጠፈው።

«ሟቹ አባቴ ነው» አለ። «በሚቀጥሉት ሁለት ዓመታት የሠራውን ስጠይቀው ኖሬ ሳይነግረኝ ሞተ። ያኔ ከዚህ ሰፈር፣ ከየቤታቸው የወሰዳቸው ልጆች እስከ ዛሬ አስከሬናቸው አልተገኘም። አብራችሁት የነበራችሁ እዚህ መሐል ቆማችኋል። እናቶቻቸው እየሰሙ ተናገሩ፤ የት ቀበራችኋቸው?»