የተጣበቁት ገጾች

ትህትና ተረት ሲነበብላት «እሱማ ውሸት ነው» እያለች ትነሣ ነበር። እናቷ ስለ እውነተኛ እንስሳት የሚያወራ መጽሐፍ ከገዛችላት ወዲህ ግን ንባብን የሚያህልባት ጨዋታ ጠፋ። ከሰዓት በኋላ በረንዳው ላይ ይቀመጡና ልጅቷ ሥዕል ትመርጣለች፤ እናቷ ታነብላታለች። ቀጭኔ ቆማ እንደምታንቀላፋ ያነበቡ ዕለት ትህትና ለሰፈሩ ልጆች ሁሉ ስትነግር አመሸች።

እናትየዋ በዚህ ትጽናና ነበር። ባሏ አሣ ሊያሰግር ጫሞ ሐይቅ ወርዶ ከቀረ ጀምሮ ቤቱ ጭር ብሏል። ለልጅቷ «አባትሽ ለሥራ ሞያሌ ሄዷል» ብላታለች፤ እውነቱን እንዳያወጡባትም ጎረቤቶቿን አስምላለች።

አንድ ቀን መጽሐፉን ስትገልጥ ሁለት ገጾች ተጣብቀው አገኘች። የማተሚያ ቤት ስሕተት መስሏት በጥፍሯ ቀስ ብላ አላቀቀቻቸው። ከውስጥ አፉን የከፈተ አዞ ብቅ አለ፤ ባሏን ከጀልባው ላይ የነጠቀው አውሬ። ልጅቷ ሳታይ ልትዘጋው ቸኮለች።

ትህትና ግን አጠገቧ ቆማ ነበር። መጽሐፉን ከእናቷ ጉልበት ላይ አነሣችው።

«ለምን ከፈትሽው እማዬ?» አለቻት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «አንቺ እንዳታዪው ብዬ እኮ ነው በኮላ ያጣበቅሁት።»