ጎርፉን ማን ነገራቸው?

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ዌንደል ክራውዘር ምሳውን ነካክቶ ተነሣ። የዊሎ ፎርክ ኮሌጅ የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን የተከላካዮች አሠልጣኝ ነው። ቅዳሜ ከተሸነፈ እሑድ እህል አይወርድለትም። ሚስቱ ግሌንዳ ካርታውን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ስትበውዝ አያት።

«ዛሬስ ይቅርብኝ» አላት። «አንቺ የምታሸንፊኝ በጥንቆላ ነው።»

«አንተን ለማሸነፍ ደግሞ ጥንቆላ ሊያስፈልገኝ?» አለችው። ሳቀችበት፤ እሱ ግን በሩን ዘግቶ ወጥቶ ነበር።

ፊልም ክፍሉ ውስጥ ረዳቱ ኦቲስ ቤይንስ አንድ ካርቶን ዶናት ይዞ ይጠብቀዋል። እሑድ እሑድ የቅዳሜውን ጨዋታ እያዩ ለእያንዳንዱ ተከላካይ ማርክ ይሰጣሉ። ፊልሙ ከላይ የተነሣ ስለሆነ የሚያሳየው ሜዳውንና ተጫዋቾቹን ብቻ ነው። ከመስመሩ ውጭ የቆመ ሰው፣ አሠልጣኝም ቢሆን፣ አይታይም።

የዚያን እሑድ ማርክ ግራ የሚያጋባ ሆነ። ልጆቹ በሌላው ጊዜ ግድግዳ ናቸው፤ «ጎርፍ» ሲታዘዙ ግን ወንፊት ይሆናሉ። ጎርፍ ዌንደል ያወጣው ስም ነው። ተከላካዮቹ ኋላቸውን ባዶ ጥለው፣ ኳሱን በሚወረውረው ልጅ፣ በኳርተርባኩ ላይ ባንዴ ይወርዱበታል። ኳርተርባኩ ካልጠረጠረ አለቀለት። ከጠረጠረ ግን ኳሱን ባዶው ቦታ ላይ ይጥልና ጉድ ይሠራቸዋል።

«መልሰው እስቲ» አለ ዌንደል። «አየኸው? ጎርፍ ስናዝዝ ብቻ ነው ኳርተርባካቸው ጨዋታውን የሚቀይረው። ሌላ ጊዜ ንቅንቅ አይልም።»

«ምልክታችንን ሰርቀውን ይሆናል።»

«በየሳምንቱ የምቀይረውን?»

እውነቱን ነው፤ በጥንቃቄ ዌንደል አይታማም። ትእዛዙ ወደ ሜዳ የሚገባው በእጅ ምልክት ነው። ሦስት ሰዎች ተደርድረው እጃቸውን ያወናጭፋሉ፤ እውነተኛው ምልክት የኦቲስ ብቻ ነው። ዌንደል ለኦቲስ ሲነግረው እንኳ ከንፈሩን እንዳያነቡበት አፉን ትእዛዞቹ በተጻፉበት ካርቶን ይሸፍናል። የገዛ ጥላውን የሚጠረጥር ሰው ነው።

«ስለዚህ ከውስጥ ነው» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ጣቱን የቀሰረው ጃቮን ፕሩት ላይ ነው። ጃቮን ከሁሉም ኋላ የሚቆም ተከላካይ ነው፤ በበጋ ነው ወደ ዊሎ ፎርክ የተዛወረው። የመጣው ደግሞ ከኮርዴል ኮሌጅ፣ ቅዳሜ ካሸነፋቸው ቡድን ነው። ፊልሙ ላይ ጎርፍ ሊታዘዝ ሲል ጃቮን አንገቱን ወደ መስመሩ ያዞራል። የኮርዴሉ ኳርተርባክም ወዲያው ወደዚያው ያያል።

«ይጠቃቀሳሉ» አለ ዌንደል።

«ሁለቱም እኮ የሚያዩት ወደ እኛ ነው» አለ ኦቲስ።

«ፊት ለፊት እየተያየ የሚጠቃቀስ ሌባ የት ታውቃለህ?»

ኦቲስ ዶናቱን ገመጠ። ዌንደል ትንሽ አሰበና ኮፍያውን አውልቆ ብብቱ ሥር ሸጎጠ።

«ጥራልኝ» አለ።

ጃቮን መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። ከቤተሰቡ ኮሌጅ የገባ እሱ የመጀመሪያው ነው፤ ትምህርቱን የሚከፍልለት ቡድኑ ነው። ከቡድኑ ከወጣ ከትምህርቱም ወጣ ማለት ነው። ይህን ሦስቱም ያውቃሉ።

«ጎርፍ ከመታዘዙ በፊት ወደ መስመሩ ታያለህ» አለው ዌንደል። «ለምን?»

«ለመዘጋጀት ነው፣ ኮች።»

«ምልክቱ ገና ሳይመጣ ለምኑ ነው የምትዘጋጀው?»

ጃቮን ወለሉን አየ። «እንደሚመጣ ይታወቀኛል።»

«ላንተም ይታወቅሃል፣ ለኮርዴልም ይታወቀዋል። የሚገርም ነው።»

«ኮች፣ እርስዎ እኮ...»

«እኔን ተወኝ። የምናወራው ስለ አንተ ነው።»

እናቱ ለታላቅ መልስ አይመለስም ብላ ያሳደገችው ልጅ ነው፤ ዝም አለ። ዌንደል ዝምታውን እንደ እምነት ቃል ቆጠረው። ኮፍያው እንደተሸጎጠ «ዕቃህን ሰብስብ» አለው።

ማክሰኞ እናቱ አሮጌ ፒክአፕ ይዛ መጣች። ፍራሹንና ሁለት ሻንጣውን ሲጭኑ ኦቲስ ወርዶ ረዳቸው። ልጁ አላለቀሰም፤ እናትየዋ ግን መሪውን ይዛ ብዙ ቆየች፣ ያሳዝናል። ዌንደል በመስኮት እያየ ምልክቶቹን እንደ አዲስ ይቀይር ነበር።

ቅዳሜ ሌላ ቡድን ሊገጥማቸው መጣ። ዊሎ ፎርክ በአራት ነጥብ እየመራ ጨዋታው ሊያልቅ ደረሰ። አንድ ጊዜ ካቆሟቸው አለቀ። ዌንደል ሳምንቱን ሙሉ ያላገኘውን ዕረፍት አገኘ፤ ከእንግዲህ ወሬ የሚያወጣ የለም። ኮፍያውን አውልቆ ብብቱ ሥር ሸጎጠ፣ ካርቶኑን አፉ ላይ አደረገ።

ግሌንዳ ከኦቲስ ሚስት ከዶሪስ ጋር ላይ፣ ተመልካቾች መካከል ተቀምጣለች። ሠላሳ ዓመት አይታ ፉትቦል አልገባትም።

«እዪ፣ አሁን ሁሉም በዚያ ልጅ ላይ ሊሮጡበት ነው» አለቻት።

«ኦቲስ እጁን እንኳ አላነሣም» አለች ዶሪስ። «በምን አወቅሽ?»

ሜዳው ላይ የእንግዳው ቡድን ኳርተርባክ ቀና ብሎ ወደ ዊሎ ፎርክ መስመር አየና እየጮኸ ጨዋታውን ቀየረ።

«ኮፍያውን አወለቀ እኮ» አለች ግሌንዳ፣ ፈንዲሻዋን እየቆረጠመች። «ካርታ ላይም ያለውን ሁሉ ሊያስይዝ ሲል እንዲሁ ነው።»