ወደ አዳማ የሚላከው ሻል

የሚኒባሱ ረዳት ሮቤራ ፌስታሉን ለመቀበል እጁን ቢዘረጋም እንግዳወርቅ አልለቅ አለችው።

«አዴ እንግዳወርቅ፣ ስጡኝ እንጂ! መኪናው ሞልቷል፣ መውጣታችን እኮ ነው።»

«አንዴ ለለንሳ ልደውልላት። አዳማ መናኸሪያ ወጥታ ትቀበልህ።»

ፌስታሉ ውስጥ ክረምቱን ሙሉ የሠራችው ሻል አለ። እሷ፣ ለንሳ፣ ጉዴና አስካለች ስድስት ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ በእሷ በረንዳ ላይ ተሰብስበው ሹራብ ሲሠሩ ኖረዋል። አስካለች ሞተች። ጉዴ ልጇ ዘንድ ጌዶ ገባች። ለንሳም አምና አዳማ ሄደች።

ብቻዋን ስትቀር ሦስቱንም ሻሉ ውስጥ አስገባቻቸው። መሀሉን እንደ ለንሳ ጥብቅ አድርጋ ሠራችው። ቀጥሎ ያለውን እንደ ጉዴ ላላ አደረገችው፤ ጉዴ እየሳቀች ስለምትሠራ እጇ ጠንቶ አያውቅም። ጠርዙን ደግሞ አስካለች በምትወደው ቀይ ክር ጨረሰችው፤ «የሠርግ ድንኳን አስመሰልሽው» እያሉ ስንቴ ስቀውባታል! ለንሳ ገና ስታየው ማን የቱ ጋ እንዳለች ሳይነገራት ታውቃለች።

ስልኩ ተነሳ። ከወዲያ የልጆች ጫጫታ ይሰማል።

«እንግዴ! አከም ጅርታ? ምነው፣ በደህና?»

«በደህና ነው። ሹራብ ትሠሪያለሽ ወይ ልልሽ ነው።»

«የምን ሹራብ አመጣሽብኝ በዚህ ሙቀት! ነጠላ እንኳ ከብዶኝ ቤት ጥዬው ነው የምወጣው። መርፌዎቹንም ለጎረቤት ሰጠኋቸው። አሁን ከሰፈር ሴቶች ጋር ጠዋት ጠዋት የእግር ጉዞ ጀምረናል። እንዴት ያሉ ሰዎች መሰሉሽ! አንቺስ፣ አሁንም ትሠሪያለሽ?»

እንግዳወርቅ ፌስታሉን ደረቷ ላይ ያዘችው።

«አልፎ አልፎ» አለች።

«በርቺ! በይ፣ ልጆቹ በጠበጡኝ፤ ሌላ ጊዜ እንጫወታለን።» ስልኩ ተዘጋ።

«እሺ፣ ትቀበለኛለች?» አለ ሮቤራ።

«ተወው፣ አይሄድም።»

ግራ ገብቶት አያት። ነገር ግን ተሳፋሪዎቹ መጮህ ጀምረው ነበርና በሩን ዘግቶ ሄደ።

ሰማዩ አጉረመረመና መዝነብ ጀመረ። እንግዳወርቅ ከአንድ ሱቅ ጣሪያ ሥር ተጠግታ ሻሉን አውጥታ ለበሰችው። ለለንሳ ሰፊ ትከሻ ለክታ የሠራችው ስለሆነ እሷን ሁለት ጊዜ ዞራት።

አጠገቧ የቆመች ዘንቢል የያዘች ሴት በጣቷ ዳሰስ አደረገችው።

«ውይ፣ ሲያምር! ይሄስ የገበያ አይደለም። ማን ሠራልዎት?»

እንግዳወርቅ «እኔው ነኝ» ልትል አፏን ከፈተች።

«ጓደኞቼ» አለች።

«ታድለዋል!» አለች ሴትዮዋ፣ ከልቧ። ወዲያው አንድ ባጃጅ አየችና ዘንቢሏን አንጠልጥላ ወደ ዝናቡ ሮጠች።