የእማዬ መልስ

ቀያሽዋ እንደ ወትሮዋ የቆቡን ስፖንጆች በጨው ውሃ አርሳ ቆቡን እናቷ ራስ ላይ አጠለቀች። እማዬን ስትሮክ ከጣላት ሁለት ዓመት ሆኗታል። እጅ እግሯ አይላወስም፤ ሐኪሙ ይፈታል ያለው ምላሷም እንደታሰረ ነው። ቆቡ ግን ራሷ ላይ ተቀምጦ ሐሳቧን ያነባል፤ "አዎ" ስትል መብራቱ ይበራል፣ "አይሆንም" ስትል ማራገቢያው ይዞራል።

የመንገድ ሥራው መሥሪያ ቤት ቀያሽዋን መልሶ ጠርቷታል። ዛሬ እስከ ስድስት ሰዓት መልስ ካልሰጠች ቦታው ለሌላ ይሰጣል። ወንድሟ "እማዬን እኔ እወስዳታለሁ" ብሏል። እማዬ በተጠየቀች ቁጥር ግን ማራገቢያው ይዞራል።

ነገሩ ለወንድሟ አልተዋጠለትም፤ ማንስ ይፈርድበታል? ዛሬ ቆቡን የገጠመውን ባለሙያ ይዞ መጣ።

"እህትዓለም፣ እንዳትቀየሚኝ። መሄድ ፈርተሽ ማራገቢያውን የምታዞሪው አንቺ ትመስዪኛለሽ።"

"ፈትሹኛ" አለች። አልከፋትም። መከፋት ከተዋት ቆይቷል።

ባለሙያው ሽቦውን፣ ሶኬቱን፣ የአልጋውን ሥር ሳይቀር በረበረ። ምንም የለም። ቀያሽዋን ኮሪደር ላይ አስወጥተው በሩን ዘጉባት። ግድግዳው ላይ ያለው ስንጥቅ ምን ያህል እንዳዘመመ በዓይኗ እየለካች ቆመች።

"እማዬ፣ እኔ ቤት ትመጫለሽ?" የወንድሟ ድምፅ ነው።

ማራገቢያው መዞር ጀመረ።

"እሷስ ወደ ሥራዋ ትሂድ?"

ማራገቢያው ፍጥነት ጨመረ።

ባለሙያው እየሳቀ ወጣ። "የእሳቸው ጭንቅላት ከእኔም ይሻላል! ብቻ ጥርሳቸውን ሲነክሱ መሣሪያው ይረበሻል። መንጋጋቸው ብርቱ ነው፣ እንዳይነክሱ ንገሪያቸው።"

ወንድሟ ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም። "ይቅር በይኝ። ካንቺ ሌላ ሰው አትፈልግም።"

"እሺ፣ ምን ይደረግ" አለችው።

ሸኝታቸው ስትመለስ የእማዬ ብርድ ልብስ ወደ ጎን ተገፍቶ አገኘችው። እነሱ ሲፈትሹ የገፉት ይሆናል ብላ አስተካክላ አለበሰቻት። ግንባሯን ሳመቻት። ከዚያ በሩን ገርበብ አድርጋ ኮሪደር ላይ ቆመችና መሥሪያ ቤቱ ደወለች።

"አልመጣም" አለች። "አዎ፣ ቆርጫለሁ። ለሌላ ሰው ስጡት።"

ማልቀስ ያለባት መሰላት፤ እንባው ግን አልመጣም። ስልኩን ዘጋች።

ከክፍሉ ውስጥ፣ ሁለት ዓመት ያልሰማችው ድምፅ ጥርት ብሎ "ተመስገን!" አለ።