ለእታፈራሁ የተተከለው ድንኳን

ልጆቼ፣ የአእምሮ ፎቶ መነሳት ለእናንተ ዛሬ ቀላል ነው። ያኔ አዲስ ነበር። በየሦስት ወሩ ጤና ጣቢያ ሄደን እንነሳለን፤ ድባቴ የገባበት ሰው ከተገኘ ለእድራችን ይነገራል። ሰው ሳይሞት እንድንደርስለት ብለን የተስማማንበት ሕግ ነው።

መጀመሪያ የተነገረን ስለ ልብስ ሰፊዋ እታፈራሁ ነበር። ሁሌ ስቃ የምትሸኘን ሴት! እኛ በሳቋ ስንታለል ያ የተባረከ ማሽን ጭንቀቷን አይቶላታል። ሐኪሙም ብቻዋን አትተዉአት አለን።

እኛ ደግሞ መድረስ የምናውቀው በአንድ መንገድ ነው። ድንኳንና አግዳሚ ወንበር ተሸክመን ሄደን ግቢዋ ውስጥ ተከልን።

"ጋሽ ወርዶፋ፣ ማን ሞተብኝ?" አለችኝ ደንግጣ።

"ማንም አልሞተም። አንቺ እንዳትሞቺብን ነው።"

"ለእናቴ እንኳ ያልነገርኩትን እናንተ አወቃችሁት?" ብላ፣ ምስጢሯ ግንባሯ ላይ የተጻፈ ይመስል ነጠላዋን ወደ ታች ሳበችና በሩን ዘጋችብን። አፈርን። ገበናዋ ውስጥ ሳናስፈቅዳት ገብተናል።

ይኼኔ የአክስቷ ልጅ በለጡ ድንኳኑን ከመንገድ አይታ፣ "ወይኔ እህቴን! ሳልሰናበትሽ!" እያለች ደረቷን እየደቃች ገባች።

በሩ ተከፈተ። "ኧረ አለሁ፣ አንቺ ሞኝ!" አለች እታፈራሁ።

በለጡ ዘላ ተጠመጠመችባት፤ አልለቅም አለች። እታፈራሁም ትከሻዋ ላይ ተደፍታ፣ አይተንባት የማናውቀውን ልቅሶ አለቀሰች።

ቆይታ ቀና አለችና፣ "ጋሽ ወርዶፋ፣ ድንኳኑን አንሱልኝ" አለችኝ። "እሷ ግን እኔ ዘንድ ትደር።"