የፍሬን መብራቱ ዳኛ

«ፍሬን!» ብሎ ጮኸ ጌጡ ከመሪው።

አቶ ኃይለመስቀል ከኋላ ወንበር እንደተቀመጡ በሁለት እጃቸው የያዟቸውን ሽቦዎች አገናኙ። ላንድሮቨሯ ቆመች፤ ከኋላዋ ከቀይ ፕላስቲክ ጆግ ተቆርጦ በተለጠፈው ክዳን ውስጥ መብራቱ ቦግ አለ። እሳቸው ግን አያዩትም። የጓሳ ደጋ ንፋስ እንዳይገባ ሸራው ወርዷል፤ የሚመሩት በጌጡ ድምፅ ብቻ ነው።

ከዘመሮ ከተማ ከተነሱ ጀምሮ ሥራቸው ይኸው ነው። ጌጡ ይቺን ላንድሮቨር ከአባቱ ወርሶ፣ ኋላዋን በባሕር ዛፍ ሳንቃ ቤት አበጅቶላት ሰው ይጭንባታል። ፍሬኗስ ደህና ይይዛል። ከፔዳሉ ወደ መብራቱ የሚያገናኘው ዕቃ ግን ከተበላሸ ሰንብቷል፤ አዲስ አበባም ተፈልጎ ጠፋ። ስለዚህ ጥግ የያዘ ተሳፋሪ «ፍሬን!» ሲባል ሽቦ ያገናኛል፣ «ልቀቅ!» ሲባል ይለያል። ዛሬ ጥጉ የደረሰው ለአቶ ኃይለመስቀል ነው።

«ጌጡ! ባለፈው ሳምንት ምን ነበር ያልኩህ?» አለች ከውጭ አንዲት ሴት።

ድምፁ የትራፊክ ፖሊሷ የሃምሳ አለቃ ዘነበች ነው። ያለችው ግልጽ ነበር፦ የፍሬን መብራት ሳታሠራ ካገኘሁህ ታርጋውን እፈታለሁ፣ መኪናዋም እዚሁ ትቀራለች።

አቶ ኃይለመስቀል ሽቦዎቹን አጥብቀው ያዙ። ከሁለት ጓደኞቻቸው ጋር ለክርስትና ልጃቸው ለበኃይሉ ኮከብ የምትባል ልጅ ሊለምኑ ነው የሚሄዱት። አባቷ አቶ ፈንታ ሁለት ጊዜ ደጅ አቁሞ መልሷቸዋል፤ ለሦስተኛው «ሐሙስ እስከ ስድስት ሰዓት ካልመጣችሁ ቃሌን ለሌላ እሰጣለሁ» ብሏል፤ ዛሬ ሐሙስ ነው። በእግር ከሆነ በዘጠኝ ሰዓትም አይደርሱም። ልጁ ደግሞ ካላገባኋት እመንናለሁ ይላል፤ ጾም እንኳ በቅጡ አይጾምም።

«በል ያዝ!» አለች ሃምሳ አለቃዋ።

አገናኙ።

«ልቀቅ!»

ለያዩ። በጃንሆይ ዘመን አጥቢያ ዳኛ ነበሩ፤ ሕግ አፍርሼ አላውቅም እያሉ ሲምሉ ነው ያረጁት። አሁን እንደ ሌባ በጨርቅ ጀርባ ተደብቀው ሕግ ያታልላሉ። አጠገባቸው መሪጌታ ገብረ አማኑኤል ዳዊቱን ያጣድፉታል፤ ሦስተኛው ሽማግሌ አንቀላፍተዋል።

«እሰይ፣ አሠርተኸዋላ!» አለች። «ና እስኪ ውረድና አብረን እንየው።»

ጌጡ ወርዶ ከኋላ አጠገቧ ቆመ። አቶ ኃይለመስቀል ይህን አላዩም፤ ጆሯቸው የሚጠብቀው «ፍሬን» የምትለዋን ቃል ብቻ ነው።

«ሕጉ እኮ ሌላ አይደለም፤ ሹፌሩ ፍሬን ሲይዝ…»

መብራቱ ቦግ አለ።

ሃምሳ አለቃዋ መብራቱን አየች፤ ቀጥላም አጠገቧ የቆመውን ሹፌር አየች። «ልቀቅ» አለች ቀስ ብላ። ጠፋ። «ፍሬን» አለች በሹክሹክታ። በራ።

«ለምዳ ነው» አለ ጌጡ ላብ እያጠመቀው። «ያረጀ መኪና እንደ በቅሎ ነው፣ ሰው ይሰማል።»

«በሕግ አምላክ! ማነው ውስጥ ያለው?»

በአቶ ኃይለመስቀል ዘመን «በሕግ አምላክ» የተባለ ሰው ዱላውን እንዳነሣ ባለበት ይቆም ነበር። እሳቸውም ቆሙ፤ እጃቸው ሽቦውን እንዳገናኘ ደረቀ። ሃምሳ አለቃዋ ሸራውን ስትገልጥ ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ።

«አባቴ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«ሕግ እያፈረስኩ ነው፣ ልጄ። ዳኛ ነበርኩ።»

«ምን አፈረሱ?» አለ ጌጡ ዘሎ ገብቶ። «ሕጉ ቀይ መብራት ይብራ ይላል፣ በርቷል። ማን ያብራው አይልም!»

ሃምሳ አለቃዋ ሳቋን ዋጥ አደረገች። «ዳኛ ከነበሩማ እርስዎ ይፍረዱ።»

ይሄኔ የበኃይሉ ፊት ድቅን አለባቸው። ጌጡም በዓይኑ ይለምናቸዋል። አንድ ቃል ብቻ ነው፤ «ልክ ነው» ቢሉ መንገዱ ይከፈታል።

«መብራቱ ለእኛ አይደለም» አሉ በመጨረሻ። «ከኋላ ለሚመጣው ነው። እኔ ሽማግሌው ባንቀላፋ የሚሞተው እሱ ነው። ታርጋው ይፈታ።»

«ጋሼ፣ ገደሉኝ!» አለ ጌጡ።

«እኛስ?» አሉ መሪጌታ ዳዊቱን አቋርጠው።

«እኛማ በእግራችን።» ጋቢያቸውን ሰብስበው፣ ሦስተኛውን ሽማግሌ ቀስቅሰው ወረዱ። በትራቸውን ሲያነሱ ሃምሳ አለቃዋ ወዴት እንደሚሄዱ ጠየቀች፤ ሁሉንም ነገሯት፣ አቶ ፈንታ ሁለቴ እንዳቆማቸውም ጭምር። ሰዓቷን አየች። አምስት ተኩል ሆኗል።

«መብራቱ ከኋላ ለሚመጣው ነው አሉ፣ አይደል?» አለች።

«አዎ።»

«ከኋላ እኔ በሞተሬ እመጣለሁ። ቆመች ሄደች እኔ አያታለሁ፤ ሌላ መኪናም አላሳልፍም። ታርጋውን ደርሰን እፈታዋለሁ። ግቡ!»

«ደርሰን የት?» አለ ጌጡ።

«ልጅቷ ደጅ።»

ጌጡ እያጉረመረመ አስነሳ። ላንድሮቨሯ ዳገቱን ስትያያዘው ሃምሳ አለቃዋ ሞተሯን እያንደቀደቀች ተከተለች። መሪጌታ ወደ ኋላ አይተው አማተቡ። «ታስረው መጡ ይለናል እኮ አቶ ፈንታ!»

አቶ ኃይለመስቀልም ሸራውን ገለጥ አድርገው ወደ ኋላ ተመለከቱ። ደንብ ልብሷን፣ ነጭ ኮፍያዋን፣ ወገቧ ላይ ያለውን ካቴና አዩ። ሁለት ጊዜ ፀሐይ ላይ የገተራቸው ያ ሰው፣ ይህችን ከኋላቸው ቆማ ሲያያት እንዴት አድርጎ «እምቢ» እንደሚል አሰቡ። በሐሳባቸው አፈሩ። ወዲያው ደግሞ ወደ ሹፌሩ ዘንበል አሉ።

«ጌጡ፣ ቀስ በል እንጂ» አሉ። «ፖሊሷ ወደ ኋላ እንዳትቀርብን።»